መንገድ የሚያልፍበት ገጽ

የዓባይን በረሃ ወጥቶ ደጀን የደረሰ መንገደኛ ሁለት መንገድ ይጠብቀዋል። አንዱ በቢቸናና በሞጣ፣ ሌላው በሉማሜና በደብረ ማርቆስ አድርጎ ባሕር ዳር ይገባል። የአዋበል ወረዳ ከተማ የሆነችው ሉማሜ በሁለተኛው ላይ ናት። አስፋልቱ ዳር የተከፈተ ምግብ ቤት ገና በመጀመሪያው ቀን የአላፊ አግዳሚውን ዓይን ያገኛል። ከአስፋልቱ ሁለት ኪሎ ሜትር ገባ ብሎ የተከፈተው ግን ወጡ የቱንም ያህል ቢጥም የሚያውቅ ሰው ካልጠቆመለት እንግዳ አያይም።

አዲስ ድረ ገጽ እንደ ሁለተኛው ምግብ ቤት ነው። በተከፈተ ዕለት ወደ እርሱ የሚያደርስ አንድም መንገድ የለም። በኢንተርኔት ዓለም መንገድ ማለት ሊንክ ነው፤ ከሌላ ሰው ገጽ ተነስቶ ወደ እኛ ገጽ የሚያመጣውን ባክሊንክ ይሉታል። ይህን መንገድ ያለ ገንዘብ መጥረግ ይቻላል፤ ከሉማሜ ሆኖም ይቻላል።

ጎጃም ውስጥ ነገሩን ለማስረዳት ከቅኔ ቤት የተሻለ ምሳሌ አላገኘሁም። የቅኔ ተማሪ አኩፋዳውን አንግቶ ከደብር ደብር ሲዞር የሚሄደው ስሙን ወደሰማው መምህር ነው። ዋሸራም ጎንጅም ስማቸው የገነነው እዚያ የተማረው ሌላውን እየላከ ነው። ጥቆማ ሁሉ ደግሞ እኩል አይደለም። ስመ ጥር መምህር «እገሌ ዘንድ ሂድ» ካለ፣ ቃሉ ከብዙ ጀማሪ ተማሪ ወሬ ይበልጣል።

ላሪ ፔጅና ሰርጌይ ብሪን በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ በ1996 እ.ኤ.አ. የጀመሩት ምርምር ይህንኑ በሒሳብ ያስቀመጠ ነው። ሥራው መጀመሪያ ባክረብ ይባል ነበር፤ ስሙም ከባክሊንክ የመጣ ነው። በ1998 እ.ኤ.አ. ጉግል የተባለ ኩባንያ ሆነ። ፔጅራንክ ባሉት ቀመር የአንድ ገጽ ክብደት የሚመነጨው ወደ እርሱ ከሚጠቁሙት ገጾች ክብደት ነው። ጠቋሚው ወደ መቶ ቦታ ከጠቆመ፣ ለእያንዳንዱ የሚደርሰው ድርሻ ያንሳል። ጉግል ከዚያ ወዲህ ብዙ ሌላ መለኪያ ጨምሯል፤ ጥቆማን መቁጠሩን ግን አልተወም።

ከሁሉ በፊት ግን ጉግል ገጹ መኖሩን ይወቅ። ሰርች ኮንሶል የተባለው የጉግል መሣሪያ በነፃ የሚሰጥ ነው፤ ባለቤትነትን አረጋግጦ፣ የገጾቹን ዝርዝር የያዘውን ሳይትማፕ አስገብቶ መጠበቅ ነው። የአንድ ከሰዓት ሥራ ነው።

ትልቁ ሥራ ጽሑፉ ላይ ነው። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ በተባለው ዓለም አቀፍ የኮምፒውተር የፊደል ሥርዓት ውስጥ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው። ከዚያ በፊት እያንዳንዱ የአማርኛ ፊደል ሠሪ የራሱ አሠራር ስለነበረው፣ የአንዱ ጽሑፍ በሌላው ኮምፒውተር የማይነበብ ምልክት ይሆን ነበር። ብዙዎች የአማርኛ ጽሑፍን እንደ ሥዕል እያስቀመጡ ያልፉ ነበር። ያ ችግር ከተፈታ ብዙ ዓመት ሆነው፤ ልማዱ ግን ዛሬም አለ። የሥራ ማስታወቂያው፣ የጨረታው ጥሪ፣ የታሪፉ ዝርዝር ማኅተም ከተመታበት ወረቀት ላይ በስልክ ፎቶ ይነሳና ፌስቡክ ላይ ይለጠፋል። በማግስቱ ሌላ ልጥፍ ይደራረብበታል፤ በሳምንቱ በቃል ፈልጎ የሚያገኘው የለም። ይህ ያሳዝነኛል፤ ምክንያቱም ሰው የሚፈልገው መረጃ እጃችን ላይ እያለ ነው የሚጠፋው።

ለአዲስ ባለ ድረ ገጽ ግን ይህ ክፍተት ዕድል ነው። ስለ ለንደን የሚጽፍ ሰው የሚሽቀዳደመው ከእልፍ ገጽ ጋር ነው። ስለ ሉማሜ በአማርኛ በወጉ የሚጽፍ ሰው ግን ከፊቱ ያለው ሜዳ ባዶ ነው ማለት ይቻላል። ያንኑ ማስታወቂያ በፊደል ተይቦ፣ ቀኑንና ቦታውን ጽፎ ያስቀመጠ ገጽ ከፎቶው ቀድሞ ይገኛል።

አጻጻፍም ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው። አንዱ «ዓባይ» ይላል፣ ሌላው «አባይ»፤ አንዱ «ጐጃም»፣ ሌላው «ጎጃም»፤ «ደብረ ማርቆስ»ን ለይቶ የሚጽፍ አለ፣ ገጥሞ የሚጽፍም አለ። ብዙው ወጣት ደግሞ ስልኩ ላይ በላቲን ፊደል ይፈልጋል። መፈለጊያው ሁሉንም አንድ አድርጎ ይረዳዋል ብሎ መተማመን አይቻልም። ሊቃውንቱ ቢቆጡም፣ በርዕሱ ላይ ትክክለኛውን አጻጻፍ አስቀምጦ፣ ሌሎቹን «እንዲህ እየተባለም ይጻፋል» ብሎ በጽሑፉ ውስጥ ማንሳት ይጠቅማል። የቦታውን ስም በላቲን ፊደልም አንድ ጊዜ ማስገባት ነው።

ምን ይጻፍ? ሌላው የሌለው ነገር። በገበያ ቀን የማኛና የሰርገኛ ጤፍ ዋጋ በኩንታል ስንት እንደዋለ በየሳምንቱ የሚመዘግብ ገጽ ዓመት ሲሞላው ነጋዴውም፣ የግብርና ተመራማሪውም፣ ጋዜጠኛውም የሚጠቅሰው ሰነድ ይሆናል። ከመናኸሪያው የሚነሳ መኪና ወዴት፣ በስንት ታሪፍ፣ በስንት ሰዓት እንደሚሄድ የሚናገር ገጽም እንደዚያው ነው። የሐዲስ ዓለማየሁን «ፍቅር እስከ መቃብር» ያነበበ ሰው በመጽሐፉ ውስጥ ያገኛትን ዲማ ጊዮርጊስን በዓይኑ ለማየት ይመኛል፤ ከቢቸና በምን እንደሚኬድ፣ መንገዱ በክረምት እንዴት እንደሚሆን ሄዶ ያየ ሰው ቢጽፍለት ያንን ገጽ ለጓደኛው ይልካል። ባሕረ ሐሳብን የሚያውቅ ደግሞ የፋሲካን ቀን አስልቶ የሚያሳይ ገጽ ቢሠራ፣ ሰው በየዓመቱ ይመለስበታል።

እንዲህ ያለ ጽሑፍ ከተሰናዳ በኋላ ነው ጠቋሚ የሚፈለገው። ደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ ቅርብ ነው፤ በጤፍ ላይ ለሚያጠና መምህር የዓመቱን የዋጋ መዝገብ ያለ ክፍያ መስጠትና «ምንጩን በሊንክ ጥቀሱልን» ማለት ነውር የለበትም። ጋዜጣ ላይ ስለ አካባቢው ጉዳይ ጽሑፍ ያወጣ ሰው ከስሙ ሥር የድረ ገጹን አድራሻ እንዲያስቀምጡለት ሊጠይቅ ይችላል። ሉማሜ ያለ ምግብ ቤት ወይም ማረፊያ ድረ ገጽ ካለው፣ ቤቱን በጉግል ካርታ ላይ በነፃ አስመዝግቦ የድረ ገጹን አድራሻ ያክላል።

ከሁሉ የምወደው መንገድ የሞተ ሊንክ መፈለግ ነው። የጎራ ስሙ (ዶሜይኑ) ክፍያ ሳይታደስ ወይም ባለሙያው ሥራ ለቅቆ የጠፋ የአገራችን ድረ ገጽ ብዙ ነው። ወደ እነርሱ የሚጠቁሙ ገጾች ግን አሁንም አሉ፤ ሲነኩ ባዶ ገጽ ይመጣል። የጠፋው ገጽ ምን ይዞ እንደነበር ዌይባክ ማሽን በተባለው የኢንተርኔት ቤተ መዛግብት ገብቶ ማየት ይቻላል። በዚያው ጉዳይ የተሻለና የራስ የሆነ ገጽ ጽፎ፣ ለጠቋሚው «ይህ ሊንክዎ ሞቷል፣ በምትኩ ይህ አለ» ብሎ መጻፍ ለሁለቱም ወገን ይጠቅማል። ዊኪፒዲያ ውስጥም እንዲህ ያለ የሞተ ምንጭ ሞልቷል። ነገር ግን ዊኪፒዲያ ለራስ ማስታወቂያ ሊንክ መለጠፍን አይፈቅድም፤ የውጭ ሊንኮቹንም ጉግል በሚዛን እንዳይቆጥራቸው ምልክት ያደርግባቸዋል። ከዚያ የሚገኘው ትርፍ የሚያነብ ሰው ነው።

ቴሌግራምና ፌስቡክም በጉግል ሚዛን ብዙ አያነሱም፤ ሰው ግን ያመጣሉ። ሊንክ ቴሌግራም ላይ ሲለጠፍ የገጹ ርዕስ፣ አጭር መግለጫና ሥዕል በራሱ ይወጣል። እነዚህ ሦስቱ ገጹ ሲሠራ ካልተሞሉ የሚታየው ባዶ አድራሻ ነው፤ ባዶ አድራሻ ደግሞ ሰው አያምንም። ገጹም ቀላል ይሁን፤ አብዛኛው ሰው የሚከፍተው በስልክ፣ በገዛው የኢንተርኔት ጥቅል ነው።

«በሺህ የሚቆጠር ባክሊንክ በርካሽ» የሚል ሰው ሲመጣ በሩን መዝጋት ነው። ጉግል በሚያዝያ 2012 እ.ኤ.አ. ፔንግዊን የተባለውን ማሻሻያ ያወጣው በተገዛና በተጭበረበረ ሊንክ የወጡ ገጾችን ለማውረድ ነበር፤ ብዙ ድረ ገጽ በአንድ ሌሊት ከመጀመሪያው ገጽ ጠፍቷል። የተገዛ ጥቆማ ቅኔ ሳይቀኝ ተቀኘ እንደሚባል ተማሪ ነው፤ ጉባኤ ላይ ይታወቃል።

ገጹ ለማን እንደሚጻፍም ማሰብ ያሻል። በሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለወራት ሲቆይ፣ የአካባቢው ሰው የአካባቢውን ገጽ ማየት አልቻለም። አዲስ አበባና ባሕር ማዶ ያለው የአገሩ ልጅ ግን ስለ ቤቱ የሚፈልገው ያን ጊዜ አብልጦ ነበር። ለዚህ ነው ስለ ከተማው የሚጻፍ ገጽ ከተማውን በዓይኑ ለማያየው ሰውም መጻፍ ያለበት፤ ቦታውን ለማያውቅ ሰው የሚገባ፣ ቀን ያለበት፣ በጥንቃቄ የተጣራ።

ገጹ ከተከፈተ ከሁለትና ከሦስት ወር በኋላ ወደ ሰርች ኮንሶል መመለስ ነው። ሰዎች ምን ብለው ጽፈው ገጹን እንዳገኙት በዝርዝር ይታያል። ከዚያ ዝርዝር ውስጥ ገጹ ገና ያልመለሰው ጥያቄ ይኖራል፤ ቀጥሎ የሚጻፈው እርሱ ነው።