ማሽኑ የተወው እርምጃ

እ.ኤ.አ. በ1998 በደቡብ ስፔን በምትገኘው ሊናሬስ በተካሄደው የቼዝ ውድድር ቡልጋሪያዊው ቬሴሊን ቶፓሎቭ በነጭ፣ ሪጋ ተወልዶ ያኔ ለስፔን ይጫወት የነበረው አሌክሴይ ሺሮቭ ደግሞ በጥቁር ተገናኙ። ጨዋታው 47ኛ እርምጃ ላይ ሲደርስ ሰሌዳው ባዶ ሊሆን ምንም አልቀረውም። የነጭ ንጉሥ ጂ1 ላይ፣ ጳጳሱ ሲ3 ላይ፣ ሁለት ወታደሮቹ ጂ2 እና ኤች4 ላይ ናቸው። የጥቁር ንጉሥ ኢ6 ላይ፣ ጳጳሱ ኤፍ5 ላይ፣ አራት ወታደሮቹ ኤ4፣ ዲ5፣ ኤፍ6 እና ጂ6 ላይ ቆመዋል። ሰሌዳ ያለው አንባቢ ደርድሮ ቢያየው ይጠቅመዋል።

ጥቁር በሁለት ወታደር ይበልጣል። ሆኖም የአንደኛው ጳጳስ በነጭ ቤቶች፣ የሌላኛው በጥቁር ቤቶች ብቻ ስለሚሄዱ እንዲህ ያለ ፍጻሜ አብዛኛውን ጊዜ በአቻ ያልቃል። ሺሮቭ ጳጳሱን አንስቶ ኤች3 ላይ አስቀመጠው። ንጉሡን አያጠቃም፣ የሚበላው ነገር የለም፤ የጂ2 ወታደር ግን በነጻ ሊበላው ይችላል።

ምክንያቱ ጊዜ ነው። የጥቁር ንጉሥ በኤፍ5 አልፎ ኢ4 መድረስ አለበት፤ የነጭ ንጉሥ ኢ3 ደርሶ በሩን ከመዝጋቱ በፊት። መንገዱን የዘጋበት ደግሞ የራሱ ጳጳስ ነው። ጳጳሱ ወደ ሌላ ቤት ዞር ቢል መንገዱ ይከፈታል፣ ግን በዚያች አንዲት ተራ የነጭ ንጉሥ ወደ ኤፍ2 ይወጣና በሰዓቱ ይደርሳል። ኤች3 ላይ ሲያርፍ ግን ጂ2ን ያስፈራራል። ነጭ ጳጳሱን ቢበላ ተራውን በመብላት አጠፋ፤ ንጉሡ ገና ጂ1 ላይ ነው። ሳይበላ ንጉሡን ቢያወጣ ደግሞ ጳጳሱ በኋላ ራሱ ጂ2ን በልቶ ንጉሡን ወደ ጎን ይጎትተዋል። ቶፓሎቭ በላ፤ 53ኛው እርምጃ ላይ እጁን ሰጠ። የኤ እና የዲ ወታደሮች ወደ ፊት ሲገሰግሱ አንድ ጳጳስ ብቻውን ሁለቱንም ሊያቆም አልቻለም።

ይህ አቋም ከዚያ ወዲህ የቼዝ ኢንጂኖች መፈተኛ ሆኖ ቆይቷል። ኢንጂን ማለት አቋም ተሰጥቶት የሚሻለውን እርምጃ የሚመርጥ ፕሮግራም ነው። ለብዙ ዓመታት እነዚህ ፕሮግራሞች ኤች3ን ሊያገኙ አልቻሉም። የሚያስገርመው በዚህ አቋም ጥቁር ሊጫወታቸው የሚችላቸው ሕጋዊ እርምጃዎች 13 ብቻ መሆናቸው ነው። ከ13 አንዱን ያጣ ማሽን፣ እኔ እንደማምነው፣ ስለ አሠራሩ ካገኛቸው እርምጃዎች ሁሉ የበለጠ ይነግረናል።

አሜሪካዊው ክሎድ ሻነን ኮምፒውተር ቼዝ እንዴት ሊጫወት እንደሚችል በ1950 ባሳተመው ጽሑፍ አስልቶት ነበር። በአንድ መደበኛ አቋም 30 ያህል እርምጃዎች አሉ፤ ነጭ አንድ፣ ጥቁር አንድ ሲጫወቱ 1,000 ያህል የተለያዩ መንገዶች ይፈጠራሉ። ይህ አምስት ጊዜ ሲደገም ቁጥሩ አንድ ሚሊዮን ቢሊዮን ይደርሳል። በ1997 የዓለም ሻምፒዮኑን ጋሪ ካስፓሮቭን ያሸነፈው የአይቢኤሙ ኮምፒውተር ዲፕ ብሉ በሰከንድ 200 ሚሊዮን አቋሞች ይመረምር ነበር፤ ይህን ሁሉ አንድ በአንድ ይይ ቢባል 58 ቀን ገደማ ይፈጅበት ነበር። ስለዚህ መምረጥ ማለት በአብዛኛው መጣል ነው። የኢንጂን ጥበብም የሚለካው በሚጥለው ነገር ነው።

አንዱ አጣጣል አደጋ የለውም፤ አልፋ ቤታ ይባላል። አንድ እርምጃ ቀድሞ ከተገኘው እንደሚያንስ የሚያሳይ አንድ መልስ ከተገኘ፣ ምን ያህል እንደሚያንስ ማጣራት አያስፈልግም። ጥሩዎቹ እርምጃዎች ቀድመው ከተሰለፉ ይህ ዘዴ በተመሳሳይ ድካም እጥፍ ርቀት ለማየት ያስችላል፣ መልሱንም አያዛባም።

ሌላው አጣጣል ግን ውርርድ ነው። ጤፍ የሚገዛ ሰው ከየጆንያው እፍኝ እያወጣ ያያል እንጂ ሁሉንም ጆንያ አይዘረግፍም፤ ኢንጂኑም እርምጃዎቹን ተስፋ ባላቸው ቅደም ተከተል ይደረድርና ከኋላ የተሰለፉትን በጥቂቱ ብቻ ቆንጥሮ ያልፋል። የሚበሉና ንጉሥ የሚያጠቁ እርምጃዎች ከፊት ይሰለፋሉ። ጸጥ ብሎ ጳጳስ የሚሰጥ እርምጃ መጨረሻ ላይ ነው። በጥቂቱ ሲታይ የሚታየው አንድ ነገር ነው፤ ጳጳስ ጠፍቷል። በሺሮቭ ጨዋታ ሁለቱም ወገኖች ተደምረው 13 እርምጃ ከተጓዙ በኋላ እንኳ ጥቁር የሰጠውን ጳጳስ ገና አላስመለሰም፤ ንግሥት የሆነ ወታደርም የለም። ማሽኑ የጣለው ስላልቻለ ሳይሆን፣ እንዲህ ያለ እርምጃ አብዛኛውን ጊዜ ጥፋት ስለሚሆን ነው።

ስለዚህ ኢንጂኑ ስክሪኑ ላይ «ጥልቀት 30» ብሎ ሲጽፍ 30 እርምጃ ድረስ ሁሉን አይቷል ማለት አይደለም። ዋናውን መስመር ያን ያህል ተከትሏል፤ ከጎን ያሉት ግን በ10 ወይም በ12 ላይ ተቆርጠው ሊሆን ይችላል። ብዙ ተጫዋች ይህን ቁጥር እንደ ማረጋገጫ ማኅተም ሲያነበው ማየት ያሳዝነኛል።

ፈተናውን በትክክል ለማድረግ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ኢንጂኖች ያዩትን አቋም የሚያስቀምጡበት ማኅደረ ትውስታ አላቸው። ፈታኙ ኤች3ን ራሱ ተጫውቶ ለኢንጂኑ ካሳየው በኋላ ወደ ኋላ ቢመልሰው፣ ቅድም አላየሁም ያለው ማሽን ወዲያው ይመልስለታል። ያ ዕውቀት ከፈታኙ የተቀዳ ነው። ስለዚህ ትውስታው ሳይጸዳ የተገኘ ውጤት ዋጋ የለውም። የፕሮሰሰሩ ክፍሎች አብረው ሲሠሩ ደግሞ ማን ቀድሞ ምን እንዳየ በየጊዜው ይለያያል፤ አንዱ ሙከራ በደቂቃ ያገኘውን ሌላው ላያገኘው ይችላል። ሊደገም የሚችል ውጤት የሚፈልግ ሰው በአንድ ክፍል ብቻ ያሠራዋል፣ ገደቡንም በሰዓት ሳይሆን በሚመረመሩ አቋሞች ቁጥር ያበጃል። ከሁሉም በላይ ግን መልሱን ብቻ ሳይሆን ቀጥሎ የሚመጣውን መስመር ማንበብ ይገባል። ትክክለኛውን እርምጃ በተሳሳተ ምክንያት የመረጠ ኢንጂን አላለፈም።

በአንዲት እርምጃ የማሽንን ውስጥ አነበብኩ ማለት ምን ያህል አሳሳች እንደሆነ ካስፓሮቭ ያውቃል። በ1997ቱ ግጥሚያ ሁለተኛ ጨዋታ ዲፕ ብሉ በንግሥቱ ገብቶ ወታደሮች ይለቅማል ብሎ ጠብቆ ነበር። ማሽኑ ግን ቀዳዳውን በሚዘጋ ጸጥተኛ እርምጃ ቀጠለ። ካስፓሮቭ ሰው እጁን አስገብቶ ይሆናል ብሎ ጠረጠረ፣ የማሽኑን የሥራ መዝገብም ጠየቀ፤ አይቢኤም መዝገቡን በኋላ ይፋ አድርጎታል።

ዛሬ የመጣያው ዘዴ ራሱ ተለውጧል። በዲፕማይንድ የተሠራው አልፋዜሮ በ2018 በታተመው ጥናት መሠረት በሰከንድ 60 ሺህ ያህል አቋሞች ብቻ ሲያይ ተፎካካሪው ስቶክፊሽ 60 ሚሊዮን ያይ ነበር። አልፋዜሮ ከራሱ ጋር ተጫውቶ የሠለጠነ የነርቭ መረብ አለው፤ መረቡ ገና ፍለጋው ሳይጀመር ለእያንዳንዱ እርምጃ ተስፋውን በቁጥር ይሰጣል፣ ፍለጋውም ተስፋ ወዳለበት ያደላል። ስቶክፊሽም በ2020 በ12ኛው እትሙ፣ በጃፓኑ ሾጊ ጨዋታ ከተፈጠረ ሐሳብ የተወሰደ ትንሽ የነርቭ መረብ ለአቋም ግምገማ አስገብቷል። መጣሉ ግን አልቀረም። ዝቅተኛ ተስፋ የተሰጠው እርምጃ በዚህኛውም መንገድ ጥቂት ብቻ ይጎበኛል።

ሁለተኛ ዓይነት ስሕተትም አለ፤ እርምጃውን አይቶ አቋሙን መመዘን አለመቻል። በ2017 በሮጀር ፔንሮዝ ስም የተሰየመው ተቋም ለዚህ የሚሆን አቋም ይፋ አድርጎ ነበር። ጥቁር ንግሥት፣ ሁለት ግንቦችና ሦስት ጳጳሳት አሉት፤ ነጭ ንጉሥና አራት ወታደሮች ብቻ። ግን ንግሥቲቱና ግንቦቹ በራሳቸው ወታደሮች መሐል ተቆልፈዋል፣ ሦስቱም ጳጳሳት ጥቁር ቤቶች ላይ ብቻ ናቸው። የነጭ ንጉሥ በነጭ ቤቶች ላይ እየተመላለሰ ቢውል ማንም አይነካውም። ሰው በአንድ ደቂቃ ይህን ያያል። የዚያን ጊዜ ኢንጂኖች ግን ጥቁር በሰፊው ያሸንፋል ይሉ ነበር፤ ይቆጥሩ የነበረው በሰሌዳው ላይ ያለውን ሠራዊት ነው።

ኢንጂን ሠሪዎቹ ራሳቸው በእንዲህ ያሉ አቋሞች ላይ አይመኩም። በ1982 ብራትኮና ኮፔክ የተባሉ ተመራማሪዎች 24 አቋሞች ያሉት ፈተና አዘጋጅተው ነበር፤ ለዘመኑ ጥሩ መለኪያ ሆኖ አገለገለ። ከ2013 ጀምሮ ግን ስቶክፊሽ ላይ የሚደረግ ለውጥ የሚመዘነው ፊሽቴስት በሚባል ሥርዓት ነው። በዓለም ዙሪያ ያሉ በጎ ፈቃደኞች ኮምፒውተሮቻቸውን ያውሳሉ፤ አዲሱና አሮጌው እትም በሺዎች የሚቆጠሩ ጨዋታዎች ይገጥማሉ፤ ለውጡ መጥቀሙን ወይም አለመጥቀሙን ስታቲስቲክስ እስኪወስን ድረስ ጨዋታው አይቆምም። ኤች3ን በቅጽበት እንዲያገኝ የሚያደርግ ለውጥ ይዞ የመጣ ፕሮግራመርም በዚሁ በር ማለፍ ይኖርበታል። ማሽኑ ለዚያች አንዲት ጳጳስ ሲል በሌሎች ሺህ አቋሞች ላይ ጊዜውን የሚያባክን ከሆነ፣ ለውጡ ተመልሶ ይጣላል።