ለማሳ ምዝገባ ታብሌት ስትገዙ ገንዘቡ የት ላይ ይዋል?

ዛሬ የኒውዮርክን ዋጋ ለአንድ ቀን ትተን ስለ ዕቃ እናውራ። ዩኒየኖችና ላኪዎች ለማሳ ምዝገባ ታብሌት እየገዙ ነው፣ "የቱ ይሻላል?" የሚለውም ጥያቄ በውስጥ መስመር እየበዛ ነው።

ነገሩ ከዋጋ የራቀ እንዳይመስላችሁ። የአውሮፓ ኅብረት የደን ጭፍጨፋ ሕግ ሁለት ጊዜ ተራዘመ እንጂ አልተሰረዘም። ሕጉ ቡናው የበቀለበትን ማሳ መገኛ ይጠይቃል። እስከ 4 ሄክታር ላለ ማሳ አንድ ነጥብ ይበቃል፣ ከዚያ በላይ ከሆነ ዙሪያው መሳል አለበት። አንዳንድ ገዢ ግን ለትንሹም ቢሆን ዙሪያውን አምጡ ይላል። እንግዲህ አስቡት፦ አንድ ባለ 20 ጫማ ኮንቴይነር 320 ኬሻ፣ ማለትም 19.2 ቶን ነው። አንድ ገበሬ 3 ኩንታል ንጹሕ ቡና ቢያስገባ በዚያ ኮንቴይነር ውስጥ ከ60 በላይ ገበሬ አለ። የአንዱ ማሳ እ.ኤ.አ. ከ2020 መጨረሻ በኋላ የተመነጠረ ደን ላይ አርፎ ከታየ፣ ቡናው አንዴ ስለተቀላቀለ ጣጣው የሁሉም ነው። ገበሬው ምንም ሳይመነጥር፣ መሣሪያው ስለሳተ ብቻ!

ስለዚህ መጀመሪያ የሚታየው ጂፒኤሱ ነው። ሲም የማይወስደው፣ ዋይፋይ ብቻ ያለው አይፓድ የጂፒኤስ መቀበያ ጭራሽ የለውም። ከርካሽ የአንድሮይድ ታብሌቶችም እንዲሁ የሌላቸው አሉ። ከተማ ውስጥ በዋይፋይ ቦታ ስለሚገምቱ የሚሠሩ ይመስላሉ፤ ገጠር ስትወጡ ጉዱ ይወጣል።

መቀበያ ያለውም ሁሉ እኩል አይደለም። ተራው በኤል1 ሞገድ ብቻ ይሠራል። ሜዳ ላይ 5 ሜትር አካባቢ ይስታል፣ ለዚያ ችግር የለውም። ግን የጅማ፣ የካፋ፣ የሸካ ቡና ያለው ጥላ ሥር ነው። ቅጠሉ ምልክቱን ያዳክመዋል፣ ግንዱም ያነጥረዋል፣ ስህተቱ 10 ሜትርና ከዚያ በላይ ይደርሳል። የግማሽ ሄክታር ማሳ አንድ ጎኑ 70 ሜትር ገደማ ነው፤ 10 ሜትር መሳት ማለት ጎረቤት ማሳ ወይም ደኑ ውስጥ መግባት ነው። ኤል1 እና ኤል5 ሁለቱንም የሚቀበል መሣሪያ ይህን በደንብ ይቀንሰዋል፣ ባያጠፋውም። እኔ ብሆን ተጨማሪ ብር የማወጣው መጀመሪያ እዚህ ላይ ነው።

ደግሞ አሃዝ አያታላችሁ። ሕጉ ከነጥብ በኋላ 6 አሃዝ ይላል። ስድስተኛው አሃዝ 11 ሳንቲሜትር ገደማ ነው። መተግበሪያው 6 አሃዝ ስለጻፈ መሣሪያው በሳንቲሜትር ለካ ማለት አይደለም፤ 15 ሜትር ስቶም 6 አሃዝ ይጽፋል። መታየት ያለበት ከጎኑ የሚመዘገበው የትክክለኛነት ሜትር ነው።

ቀጥሎ ስክሪን። ሱቅ ውስጥ ሁሉም ያምራል። ፀሐይ ላይ ግን ከ400 ኒት በታች የሆነውን ለማንበብ በእጅ መጋረድ ነው፤ 600 ቢሆን ይመረጣል። ስፋቱ 8 ኢንች ይበቃል። 10 ኢንች ቢሮ ውስጥ ይመቻል፣ ማሳ ዙሪያ በአንድ እጅ ይዞ ለመሄድ ግን ሸክም ነው፣ ባትሪም ይበላል።

ባትሪ ላይ ምርጫው ከባድ ነው። የሳምሰንግ ጋላክሲ ታብ አክቲቭ5 ዓይነቱ ውኃና አቧራ ይችላል፣ ባትሪው ይነቀላል፣ ትርፍ ባትሪ ይዞ መውጣት ይቻላል። ዋጋው ግን ከተራ ታብሌት እጥፍ በላይ ነው። ተራውን ገዝቶ ጠንካራ ሽፋንና ባለ 20,000 ፓወር ባንክ መጨመር ይረክሳል (ከብክነቱ በኋላ 5,000 ሚሊአምፔር ባትሪን ሁለት ጊዜ ይሞላል)፣ ክረምት ላይ ግን ዝናብ ያገኘዋል።

ፕሮሰሰርና ካሜራ ላይ አትጨነቁ። 4 ጂቢ ራም፣ 64 ጂቢ ማከማቻ ለዚህ ሥራ በቂ ነው። አይፓድ ጥሩ ዕቃ ነው፣ ግን ኦዲኬ ኮሌክትና ኮቦ ኮሌክት የሚሠሩት አንድሮይድ ላይ ነው። ሁለቱም ያለ ኔትወርክ ይመዘግባሉ። ጂፒኤስም ኔትወርክ አይፈልግም፤ ኔትወርክ ካለ ሳተላይቱን ቶሎ ያገኛል እንጂ። ስለዚህ ከከተማ ሳትወጡ አንዴ ከፍታችሁ አስይዙት።

አባሎቻችሁ ሁሉም ከ4 ሄክታር በታች ከሆኑና ገዢያችሁ ነጥብ ብቻ ካለ ግን፣ እውነቱን ለመናገር ታብሌት ላያስፈልጋችሁ ይችላል። ኤል5 ያለው መካከለኛ ስልክ ይበቃል፣ በዚያው ብር ብዙ መዝጋቢ ታሰማራላችሁ።

ጅምላ ከመግዛታችሁ በፊት አንድ ናሙና ውሰዱ። ጂፒኤስ ቴስት የሚለውን ነፃ መተግበሪያ ጫኑበት፣ ኤል5 መቀበሉን ያሳያችኋል። ከዚያ ጥላ ሥር ያለ አንድ ማሳ ጥዋትና ከሰዓት ሁለት ጊዜ ዙሩበት። ሁለቱ መስመሮች ተደራርበው ሲታዩ ልዩነታቸው ከ5 ሜትር ካለፈ፣ ዕቃውን ለሻጩ መልሱ።