የሴቶች ሊግና የአንድ ቀን ዋንጫ



የሴቶች እግር ኳስ ሊግ ሲነሣ ብዙዎቻችን የምናውቀው መጨረሻውን ብቻ ነው። ዋንጫውን ማን ወሰደ? ብለን እንጠይቅና ነገሩ እዚያው ያልቃል። በዚህ ጽሑፍ ለማስረዳት የምሞክረው ግን ከዋንጫው በፊት ያሉት ወራት፣ ማለትም «የውድድር ዘመን» የሚባለው፣ እንዴት እንደሚሠራና ለተጫዋቿ ምን እንደሚያደርግላት ነው። ለመጻፍ ያነሣሣኝ የራሴ ስሕተት ስለሆነ ከእሱ ልጀምር።

በዘንድሮው የማስተማር ልምምድ እዚሁ ዓለም ባንክ አካባቢ በሚገኝ አንድ ትምህርት ቤት ተመድቤ ሳለሁ የሴት ተማሪዎችን የኳስ ውድድር ፕሮግራም የማውጣቱ ሥራ ለእኔ ተሰጠ። ስምንት ክፍሎች ነበሩ። ዕጣ አወጣሁና ጥሎ ማለፍ አደረግሁት። ቅዳሜ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ተጀምሮ ሰባት ሰዓት ሳይሞላ ዋንጫው ተሰጠ። ሁሉም ደስ አለው፤ እኔም ጎበዝ ተባልኩ። ሰኞ ዕለት ታዲያ በመጀመሪያው ጨዋታ 1 ለ 0 የተሸነፈው ክፍል በረኛ መጣችና «ቲቸር፣ ቀጣዩ ጨዋታችን መቼ ነው?» አለችኝ። የለም እኮ! ልጅቷ ሦስት ሳምንት ሙሉ ከትምህርት በኋላ ስትለማመድ ቆይታ የተጫወተችው ሠላሳ ደቂቃ ብቻ ነው። መልስ አልነበረኝም።

ሂሳቡን ያሰላሁት ከዚያ በኋላ ነው። ስምንት ቡድኖች በጥሎ ማለፍ ሲጋጠሙ የሚደረገው ጨዋታ ሰባት ብቻ ሲሆን አራቱ ቡድኖች አንድ ጊዜ ተጫውተው ወደ ቤታቸው ይሄዳሉ። እነዚያው ስምንት ቡድኖች በሊግ መልክ አንድ ዙር ቢጫወቱ ግን ጨዋታው 28 ይሆናል፤ የመጨረሻው ደካማ ቡድን እንኳ ሰባት ጊዜ ሜዳ ይገባል። ተጨማሪ ልምምድ የሚያስፈልገው ደግሞ ማን ነው? ቀድሞ የተሸነፈው አይደለም እንዴ? ጥሎ ማለፍ ቶሎ የሚያሰናብተው እሱን ነው።

ወደ አገራችን የሴቶች ፕሪሚየር ሊግ ስንመጣ አሠራሩ ይኸው ነው። እያንዳንዱ ቡድን ከእያንዳንዱ ጋር ሁለት ጊዜ ይገናኛል። ላሸነፈ 3፣ አቻ ለወጣ 1 ነጥብ ይሰጣል፤ ነጥብ እኩል ሲሆን የግብ ክፍያ ይታያል፣ ማለትም ካገባው ላይ የገባበት ይቀነሳል። ለምሳሌ 14 ቡድኖች ቢሳተፉ እያንዳንዱ 26 ጨዋታ ያደርጋል፤ በጠቅላላው 182 ይሆናል። ቡድኖቹ በየከተማቸው እየተዘዋወሩ በመጫወት ፈንታ እንደ ሀዋሳ ባለ አንድ ከተማ ተሰባስበው የሚጫወቱባቸው የውድድር ዘመናትም ነበሩ። ይህ የመጓጓዣ ወጪ ይቀንሳል፤ ይሁንና የድሬዳዋ ወይም የአርባ ምንጭ ልጆች የከተማቸውን ሴቶች ሲጫወቱ በዓይናቸው አያዩም። እኔ ይህ ትንሽ ጉዳት አይመስለኝም።

የሊግን ጥቅም ከማንም ይልቅ የሚያሳየን የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ የሴቶች ቡድን ነው። ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ የአገር ውስጥ ሊግ ሻምፒዮን የሆነ ክለብ በምሥራቅና መካከለኛው አፍሪካ፣ በሴካፋ ማጣሪያ ይወዳደራል፤ እዚያ ያሸነፈው ወደ አፍሪካ የሴቶች ሻምፒዮንስ ሊግ ያልፋል። ንግድ ባንክ በ2013 ናይሮቢ ላይ ለፍጻሜ ደርሶ በኬንያው ቪሂጋ ኩዊንስ 2 ለ 1 ተሸነፈ። በ2014 ዋንጫው የታንዛኒያው ሲምባ ኩዊንስ ሆነ። በ2015 ኡጋንዳ ላይ ንግድ ባንክ እንደገና ለፍጻሜ ቀረበና በሌላው የታንዛኒያ ቡድን በጄኬቲ ኩዊንስ በመለያ ምት ተረታ። በመለያ ምት መሸነፍ ምን ያህል እንደሚያንገበግብ የቀመሰ ያውቀዋል። ግን ልብ በሉ፤ ከእያንዳንዱ ሽንፈት በኋላ ቡድኑን የሚጠብቀው ሌላ የሊግ ዓመት ነበር። በነጥብ ላይ ነጥብ እያጠራቀመ ሻምፒዮን እየሆነ ተመለሰ። በ2016 ነሐሴ መገባደጃ ላይ እዚሁ አዲስ አበባ፣ አበበ ቢቂላ ስታዲየም፣ ኬንያ ፖሊስ ቡሌትስን 1 ለ 0 አሸንፎ ዋንጫውን አነሣ። በዚህም ወደ አፍሪካ ሻምፒዮንስ ሊግ ያለፈ የመጀመሪያው የኢትዮጵያ የሴቶች ክለብ ሆነ። በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ ሞሮኮ ላይ ስምንት ክለቦች በተካፈሉበት ውድድር ከምድቡ ማለፍ አልቻለም። አራቱም ዓመታት ጥሎ ማለፍ ብቻ ቢሆኑ ኖሮ ናይሮቢ ላይ ታሪኩ ባበቃ ነበር።

ስለ ተጫዋቾችም እንዲሁ ነው። ሎዛ አበራ ከዱራሜ ተነሥታ በሀዋሳ ከተማ፣ በደደቢት፣ በአዳማ ከተማና በንግድ ባንክ ተጫውታለች፤ በ2012 ዓ.ም. ደግሞ በማልታው ቢርኪርካራ። በሊጋችን በተደጋጋሚ ኮከብ ግብ አግቢ የሆነችው በአንድ ቅዳሜ ሳይሆን በየሳምንቱ ኳስ እየሳተችም እያገባችም ነው። ለመሳት ጊዜ የሚሰጥ ውድድር ያስፈልጋል ማለቴ ነው።

አሁን ወደ ሥራው። «ሊግ ጊዜ ይፈጃል» የምትሉ ትኖራላችሁ፤ እውነት ነው፤ ስለዚህ ስድስት ቡድን ይበቃል። በየሳምንቱ ሦስት ጨዋታ ቢደረግ አምስት ሳምንት ይፈጃል። ማን ከማን እንደሚገናኝ ለመደልደል ቡድኖቹን ከ1 እስከ 6 ቁጥር ስጧቸው። 1፣ 2፣ 3 ከላይ፤ 6፣ 5፣ 4 ከሥር ጻፉ። ፊት ለፊት የተያዩት ይጋጠማሉ፤ 1 ከ6፣ 2 ከ5፣ 3 ከ4። በሚቀጥለው ሳምንት 1 ቁጥርን ከቦታው ሳታነቃንቁ የቀሩትን እንደ ሰዓት አቅጣጫ አንድ እርምጃ አዙሯቸው፤ 1 ከ5፣ 6 ከ4፣ 2 ከ3 ይሆናል። አምስት ጊዜ እንዲህ ካደረጋችሁ ማንም ከማንም ሁለቴ አይገናኝም፤ የሚቀርም የለም። የደረጃ ሰንጠረዡን በካርቶን ሠርታችሁ ሰልፍ በሚደረግበት ቦታ ስቀሉት፤ ነጥቡን የሚደምሩት ግን ተማሪዎቹ ይሁኑ፤ የመደመርና የመቀነስ ትምህርትም ስለሚሆን የሂሳብ መምህሩ አይቀየሙም።

እኔ በሚቀጥለው የልምምድ ወቅት የማወጣውን ፕሮግራም ከዚህ ጽሑፍ ሥር ለጥፌዋለሁ። ያቺ በረኛ የምትጫወተው ለ4 ቁጥር ነው፤ የመጀመሪያ ጨዋታዋ ከ3 ቁጥር ጋር ሲሆን የሚቀጥለው ሳምንት ተጋጣሚዋ 6 ቁጥር ነው። ስሕተት ያገኘ ሠልጣኝ በእርሳስ ያርምልኝ።