ከዋክብትን እየጠየቀ የሚያድር ካሜራ

እናቴ ባለፈው ጥቅምት ከአዲስ አበባ መጥታ ሜሪላንድ እኛ ቤት ከርማ ነበር። አንድ ማታ ኩሽና ውስጥ ዶሮ ወጥ እየሠራች በመስኮቱ ወደ ጓሮ ስትመለከት ደነገጠች። «ኧረ ያ ነገር ብቻውን ይዞራል! ማነው የሚያዘው?» ሣሩ ላይ በሦስት እግሩ የቆመው ቴሌስኮፕ ቀስ ብሎ ወደ ምሥራቅ ሲዞር፣ ሲቆም፣ ከዚያ ደግሞ ጥቂት ነቅነቅ ሲል አይታው ነው። እኔ አጠገቧ ሽንኩርት እየላጥኩ ነበር፤ ውጭ ማንም የለም። «ኮምፒውተር ነው የሚያዘው» ማለት ይቀላል፤ ግን መልስ አይሆንም። ኮምፒውተሩስ ቴሌስኮፑ ወዴት እንደዞረ በምን ያውቃል?

መልሱን ያገኘሁት ከድስቷ ነው። እናቴ ጨው መዝና አታውቅም። ጣል ታደርጋለች፣ ትቀምሳለች፣ ትጨምራለች፣ ደግማ ትቀምሳለች። ወጡ ልክ የሚመጣው መቅመሷን ስለማታቋርጥ ነው። ጓሮ ያለው መሣሪያም እንደዚያው ነው። ማርሹ ይስታል፣ ብረቱ ይኮማተራል፣ እግሩ ሣር ውስጥ ይሰምጣል። ቢሆንም በየደረጃው ከዋክብቱን አይቶ ራሱን ያርማል። ሌሊቱን ሙሉ ያለ ሰው መሥራቱ ከዚህ የመጣ ነው።

የዚያን ማታ የምናነሳት አንድሮሜዳ ጋላክሲን ነበር። ብርሃኗ እኛ ጋ ለመድረስ 2.5 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ተጉዟል። ስሟ ከግሪኮች ተረት የመጣ ነው፤ ተረቱ አንድሮሜዳን የኢትዮጵያ ንጉሥ ልጅ ያደርጋታል። ይህን ስነግራት እናቴ ማማሰያውን አስቀምጣ ነው ያዳመጠችኝ። ጋላክሲዋ ሰማይ ላይ ጎን ለጎን የተደረደሩ ስድስት ሙሉ ጨረቃዎችን ያህል ትረዝማለች። ከከተማ የማትታየን ደብዛዛ ስለሆነች ነው፤ ስለዚህ ካሜራው ለረጅም ጊዜ ተከፍቶ ብርሃኗን ማጠራቀም አለበት።

ችግሩ መሬት አለመቆሟ ነው። በ23 ሰዓት ከ56 ደቂቃ አንዴ ትዞራለች። የፎካል ርዝመቱ 400 ሚሊ ሜትር በሆነው በእኔ ቴሌስኮፕ ላይ ካሜራው ዝም ብሎ ቢቆም፣ የአንድሮሜዳ ከዋክብት በአንድ ሰከንድ ብቻ አምስት ስድስት ፒክስል ይሸሻሉ፤ ነጥብ መሆናቸው ቀርቶ መስመር ይሆናሉ። ስለዚህ የቴሌስኮፑ መቀመጫ ሞተር አለው። የሚዞርበት ዘንግ ከመሬት ዛቢያ ጋር ትይዩ ሆኖ ወደ ሰማይ ሰሜን ዋልታ ያነጣጥራል፤ ሞተሩም መሬት በዞረችው ልክ ቴሌስኮፑን ወደ ተቃራኒው ይመልሰዋል።

ዘንጉን ማነጣጠር እዚህ አይከብድም፤ የሰሜን ኮከብ ከአድማስ 39 ዲግሪ ከፍ ብሎ ይታያል። አዲስ አበባ ላይ ግን ከፍታው 9 ዲግሪ ብቻ ስለሆነ የጎረቤት ፎቅ ወይም የእንጦጦ ዛፍ ይሸፍነዋል። ደግነቱ ኮከቡን ጭራሽ ሳያዩ የሚሠራበት ዘዴ አለ። መቀመጫው በዘንጉ ብቻ ጥቂት ጥቂት እየዞረ የትኛውንም የሰማይ ክፍል ሦስት ጊዜ ያነሳል። ከሦስቱ ፎቶዎች ኮምፒውተሩ ዘንጉ በእውነት የት እንደሚያመለክት ያሰላና «ወደ ግራ ይህን ያህል፣ ወደ ላይ ይህን ያህል» ይላል፤ ብሎኖቹን በእጅ ማዞር ነው። አገር ቤት ሆኖ ይህን ለመጀመር የሚያስብ ሰው የሰሜን ኮከብ አይታየኝም ብሎ ተስፋ መቁረጥ የለበትም።

ቴሌስኮፑ ላይ የታሰረች የምሳ ዕቃ የምታህል ኮምፒውተር አለች። ሥራውን የምትመራው ኒና በሚባል ነጻ ፕሮግራም ነው። ልክ ሲጨልም፣ ማታ ሁለት ሰዓት ገደማ፣ መቀመጫውን ወደ አንድሮሜዳ ታዞረዋለች። መጀመሪያ ሲዞር ብዙ ጊዜ ይስታል። ስለዚህ ጥቂት ሰከንድ የምትወስድ ፎቶ ታነሳለች፤ እዚህ ላይ ነው እኔን እስካሁን የሚያስደንቀኝ ነገር የሚሠራው። ፕሮግራሙ ፎቶው ላይ ያሉትን ከዋክብት ይለቅምና ተቀራራቢ የሆኑትን አራት አራት አድርጎ በመካከላቸው ያለውን ርቀት ይለካል። ፎቶው ቢዞርም ቢተልቅም ቢያንስም ርቀቶቹ እርስ በርስ ያላቸው ንጽጽር አይለወጥም። ኮምፒውተሯ ውስጥ ካለው የከዋክብት መዝገብ ጋር ሲያመሳክራቸው፣ ካሜራው የትኛውን የሰማይ ክፍል እንደሚያይ በሰከንዶች ውስጥ ያውቃል። የሳተውን ያህል ይዞርና ደግሞ ያነሳል። ጋላክሲዋ መሐል እስክትገባ ይቀምሳል፣ ይጨምራል፣ ይቀምሳል።

ከዚያ ከዋናው ጎን የተጫነች ሁለተኛ ትንሽ ቴሌስኮፕ ሥራ ትጀምራለች። ሥራዋ ጥቂት ከዋክብትን መርጣ በየሁለት ሰከንዱ ማየት ብቻ ነው። የመቀመጫው ማርሽ የቱንም ያህል በጥንቃቄ ቢሠራ ፍጹም ክብ አይሆንም፤ በየጥቂት ደቂቃው በተመሳሳይ መንገድ ይፈጥናል፣ ይዘገያል። ፒኤችዲ ቱ የተባለው ፕሮግራም ኮከቡ ከቦታው ከአንድ ፒክስል ያነሰ እንኳ ቢነቃነቅ ለይቶ ሞተሩን ትንሽ ይነካዋል። እናቴ በመስኮት ያየችው ንቅናቄ ሌላ ነው፤ ይህኛው በዓይን አይታይም።

እዚህ ላይ ጀማሪ ሁሉ የሚሳሳተው አንድ ነገር አለ፤ እኔም ብዙ ሌሊት አባክኜበታለሁ። ስህተቱን በሙሉ ወዲያው ለማረም መሞከር ነው። ኮከብ በአየር ንቅናቄ ብቻ ይብለጨለጫል፤ ማርሹ ሳይስት የሳተ ይመስላል። ፕሮግራሙ ያንን እያሳደደ ሙሉ በሙሉ ካረመ ቴሌስኮፑ ይንቀጠቀጣል። ስለዚህ ያየውን ስህተት በከፊል ብቻ እንዲያርም ነው የሚታዘዘው። እናቴ ይህን ሳልጨርስ ገባት፤ «ጨው ከበዛ መመለሻ የለውማ» አለች።

ፎከሱስ? ሌሊቱ እየቀዘቀዘ ሲሄድ የቴሌስኮፑ ቱቦ ይኮማተራል፤ ጥርት ያለው ፎቶ ይደበዝዛል። ኮከብ ግን ከሩቅ ነጥብ ናት፤ ስለዚህ ፎከስ ማለት የኮከብ መልክ በጣም የሚያንስበት ቦታ ነው። ትንሽ ሞተር ካሜራውን በዘጠኝ ቦታዎች እያቆመ ያነሳል፤ የከዋክብቱን ስፋት ይለካል። ስፋቱ እየጠበበ ሄዶ እንደገና ይሰፋል፤ በጣም የጠበበበት ቦታ ፎከስ ነው። ሙቀቱ ሁለት ዲግሪ በቀነሰ ቁጥር ይህን እንዲደግም አዝዤዋለሁ።

ሌሊት ስድስት ሰዓት ሲያልፍ አንድሮሜዳ ከአናታችን በላይ ትደርሳለች። እዚያ ቴሌስኮፑ የራሱን እግር እንዳይመታ ሥራ ያቆምና ወደ ሌላው ጎን ይገለበጣል። ሽቦዎቹ በቂ ርዝመት ይኑራቸው እንጂ ሌላው እንደ መጀመሪያው ነው፤ ያነሳል፣ ያመሳክራል፣ ይቀጥላል።

ከሁሉ ያቃጠለኝ ጤዛ ነው። አንድ ሌሊት ሁሉም ደህና መስሎኝ ተኛሁ፤ ጠዋት ስከፍት ከሰባት ሰዓት በኋላ ያሉት ፎቶዎች በሙሉ ጉም ናቸው። መስተዋቱ ላይ ጤዛ ወርዶ ነበር። ፎከሱም አቅጣጫውም ሲጠየቅ አድሯል፤ ስለ ጤዛው የጠየቀ ግን አልነበረም። አሁን መስተዋቱ ዙሪያ በኤሌክትሪክ የሚሞቅ ቀበቶ አለ፤ በእያንዳንዱ ፎቶ ላይ ያሉት ከዋክብትም ይቆጠራሉ። ቁጥራቸው ድንገት ካሽቆለቆለ ስልኬ ይጮሃል። ደመናም ሲመጣ የምነቃው በዚሁ ነው።

እያንዳንዱ ፎቶ ሁለት ደቂቃ ነው። አንዱን ብቻ ብታዩት ግራጫ፣ ጉርብጥብጥ ያለ፣ በከተማው መብራት የታጠበ ነገር ነው። ግን ፎቶዎቹ ከዋክብቱን ተከትለው ሲገጣጠሙ የጋላክሲዋ ብርሃን በሁሉም ላይ ያው ቦታ ይቀመጣል፤ ጉርብጥብጡ ግን በየፎቶው ቦታ ይለዋውጣል። 100 ፎቶ ተደርቦ አማካዩ ሲወሰድ ምስሉ 10 እጥፍ ይጠራል፤ 144 ሲደረብ ደግሞ 12 እጥፍ። የካሜራው የራሱ ጉድለት ግን ከቦታው አይነቃነቅም፤ እሱን ለማሸነፍ መቀመጫው በየጥቂት ፎቶው ሆን ብሎ ጥቂት ፒክስል ፈቀቅ ይላል። ማታ በመስኮት የታየው ንቅናቄ ጋላክሲዋን መሐል ማስገባት ነበር፤ ይሄኛው ደግሞ ሌሊቱን ሙሉ በዝምታ ይቀጥላል።

ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ አንድሮሜዳ ከጎረቤት ዛፍ ጀርባ ትገባለች። ቴሌስኮፑ ወደ ማረፊያው ይመለሳል፤ ከዜሮ በታች 10 ዲግሪ የቀዘቀዘው ካሜራ ቀስ ብሎ ይሞቃል። ሸራውን የማለብሰው እኔ ነኝ፤ የሚከደን ጣሪያ አልሠራሁም።

በማግስቱ ቡና ላይ አንዱን ፎቶና ድምሩን ጎን ለጎን አድርጌ አሳየኋት። እናቴ መነጽሯን አድርጋ ድምሩን ከጥግ እስከ ጥግ አየችው። ከዚያ በስተግራ ታች ያሉትን ከዋክብት በጣቷ እያሳየች «እነዚህ ረዘም አላሉም?» አለች። ልክ ነበረች። ካሜራው ቴሌስኮፑ ላይ ሲገጠም በፀጉር ያህል አዘንብሏል፤ ያንን የሚያስተካክል ሞተር የለኝም። ብሎን መፍቻዬን ይዤ ወጣሁ።