የሕፃናት ጨዋታ፦ የጉልበት ትርፍ ወይስ የዕድገት መንገድ?

ነሐሴ 13 ቀን የሚከበረው ቡሄ ሲቃረብ፣ ከደብረ ታቦር ከተማ አንሥቶ እስከ ጉና ተራራ ግርጌ ድረስ ባሉት የደቡብ ጎንደር ደጋማ ቀበሌዎች እረኞች ጅራፍ ገምደው ያጮኻሉ። ሕፃናት ለምን ይጫወታሉ? የሚለው ጥያቄ ለፈላስፎች ብቻ የሚተው ይመስል ይሆናል፤ ነገር ግን መልሱ በሕክምና ክፍል ውስጥም ለውጥ ያመጣል።

ጥንታውያን የሚባሉት ንድፈ ሐሳቦች የጨዋታን ምንጭ ይፈልጋሉ። በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ኸርበርት ስፔንሰር ጨዋታን ሰውነት ለኑሮ ከሚያስፈልገው በላይ የተረፈው ኃይል መውጫ አድርጎ ገለጸው። ላዛሩስ በተቃራኒው የደከመ አእምሮ ማረፊያ አለው። ስታንሊ ሆል ሕፃናት የቀደሙ አባቶችን ታሪክ በጨዋታ ይደግማሉ ያለው ግን ሥነ ሕይወታዊ መሠረቱ ስለፈረሰ ዛሬ ተከታይ የለውም። ከሁሉም የተሻለው የካርል ግሮስ ነው፤ በ1899 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፉ ጨዋታ ለነገ ሥራ መለማመጃ ነው ይላል። ዛሬ በቡሄ ጅራፍ የሚያጮኽ ልጅ ነገ በጅራፍ በሬ እየነዳ ያርሳልና ሐሳቡ ለደገኛው እንግዳ አይደለም።

የዕድገት ንድፈ ሐሳቦች ደግሞ ጨዋታው ዛሬ በልጁ አእምሮ ውስጥ ምን እንደሚሠራ ይጠይቃሉ። ፒያዤ በ1945 እ.ኤ.አ. እንዳስረዳው ጨዋታ የአስተሳሰብን ደረጃ ይከተላል፤ መጀመሪያ እንቅስቃሴን መደጋገም፣ ከ2 ዓመት ገደማ ጀምሮ እንደ እቃቃ ያለ የማስመሰል ጨዋታ፣ በኋላም ሕግ ያለው ጨዋታ ይመጣል። ቪጎትስኪ በ1933 እ.ኤ.አ. ባቀረበው ትምህርት ከዚህ አልፎ ጨዋታ ዕድገትን ይመራል አለ። አገዳ ፈረስ አድርጎ የሚጋልብ ልጅ የፈረስን ትርጉም ከፈረሱ መለየት ይማራል፤ ኩኩሉ ሲጫወት ዓይኑን የጨፈነው ልጅም የማየት ጉጉቱን ለሕጉ ሲል ይገታል።

ልዩነቱ ከፍተኛ የምግብ እጥረት በደረሰበት ሕፃን አልጋ ዘንድ ጎልቶ ይታያል። ስፔንሰርን ብቻ የተከተለ ሐኪም ምግቡ ሲገባ ጨዋታው በራሱ ይመለሳል ብሎ ይጠብቃል። ይህ በከፊል እውነት ነው፤ የተጎዳ ሰውነት ኃይሉን ይቆጥባል፣ ፈገግታና ጨዋታ መመለሳቸውም የማገገም ምልክት ነው። መጠበቅ ብቻ ግን አይበቃም። በጃማይካ ኪንግስተን ቁመታቸው የቀነጨረ፣ ከ9 እስከ 24 ወር የሆናቸው 129 ሕፃናት ለ2 ዓመት ተጠንተው ነበር። በ1991 እ.ኤ.አ. እንደታተመው፣ ተጨማሪ ምግብም ሆነ በየሳምንቱ ቤት ለቤት የተሰጠው ጨዋታ ለየብቻቸው የአእምሮ ዕድገትን አሻሻሉ፤ ሁለቱ ሲጣመሩ ውጤቱ በለጠ። ከ20 ዓመት በኋላ የጨዋታው ጥቅም በገቢያቸው ላይ ጭምር ታይቷል። በጅማ ተጠንቶ በ2019 እ.ኤ.አ. የታተመውም በጨዋታ የታገዙት ሕፃናት በሆስፒታል ሳሉ በትላልቅ ጡንቻዎች፣ ቤት ከገቡ በኋላ ደግሞ በእጅ ጣቶች እንቅስቃሴ የተሻለ መሻሻል እንዳሳዩ ያመለክታል።

የዓለም ጤና ድርጅት በ1999 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ እንዲህ ላሉ ሕፃናት በቀን ከ15 እስከ 30 ደቂቃ የታቀደ ጨዋታ እንዲሰጥ ያዛል። በገጠር ጭምት ልጅ ይመሰገናል፤ በረሃብ የተጎዳ ሕፃን ዝምታ ግን ከጠባይ ሳይሆን ከሕመም ስለሚመጣ፣ ይህን ለእናቲቱ ማስረዳት የሕክምናው አካል ነው። መጫወቻውም ወጪ አይጠይቅም፤ ጠጠር የተጨመረበት ክዳኑ የጠበቀ የፕላስቲክ ጠርሙስና ከጨርቅ የተሰፋ አሻንጉሊት እናቲቱ ራሷ አዘጋጅታ ይዛ ልትወጣ ትችላለች።