ሳይቃጠል በቅጠል፤ ስለ ውኃዎቻችን መጠበቅ



ሞጆ በተባለ ጊዜ በብዙዎቻችሁ ዐሳብ ፈጥኖ የሚመጣው ደረቅ ወደቡ ነው። ከጅቡቲ የመጣው ኮንቴይነር የሚራገፈው፣ ሰነዱ የሚመረመረውና ቀረጡ የሚከፈለው በዚያ ነው። ነገር ግን በከተማይቱ በኩል የሚያልፈው የሞጆ ወንዝ ወርዶ ቆቃ ሐይቅ እንደሚገባ የሚያስታውስ ጥቂት ሰው ነው። የዕቃ መንገድና የውኃ መንገድ እንዲህ በተጎራበቱበት ስፍራ፣ ከባዕድ አገር መጥቶ ውኃን ስለሚወርር ፍጥረት ማሰብ ተገቢ ነው።

ይህ ነገር ለእኛ የሩቅ ወሬ አይደለም። የቆቃ ግድብ በ1960 እ.ኤ.አ. ከተመረቀ ገና አምስት ዓመት ያህል እንዳለፈው፣ በ1965 እ.ኤ.አ. እምቦጭ በቆቃና በአዋሽ ወንዝ መታየቱ ተመዘገበ። የዚህ አረም የትውልድ አገሩ ደቡብ አሜሪካ ነው፤ ወይን ጠጅ አበባው ስለሚያምር ሰዎች ለጌጥ እያሉ በዓለም ዙሪያ በተኑት። ሲመቸው በሁለት ሳምንት ያህል ጊዜ እጥፍ ይሆናል፤ ዘሩም በጭቃ ውስጥ ለብዙ ዓመታት ሳይሞት ይቆያል። ውኃውን ሲሸፍነው ዓሣው አየር ያጣል፣ ጀልባው መንገድ ይዘጋበታል፣ የመስኖው ቦይ ይደፈናል። በ2011 እ.ኤ.አ. ደግሞ በጣና ሐይቅ ላይ መታየቱ ተረጋገጠ፤ ከዚያ በኋላ ገበሬው ውኃ ውስጥ እየገባ በእጁ ሲነቅለው መታየቱን ሁላችሁም ታስታውሳላችሁ።

በሌላው ዓለም እንደ እምቦጭ የሚፈራ አንድ ታናሽ እንስሳ አለ። ርዝመቱ ከጥፍር ብዙም የማይበልጥ፣ ሁለት ክፍል ዛጎል ያለው፣ ስለ ዝንጉርጉርነቱም በሜዳ አህያ ስም የሚጠራ ነው። አገሩ የጥቁር ባሕርና የካስፒያን ባሕር አካባቢ ሲሆን፣ መርከቦች ለሚዛን በሚጭኑት ውኃ ተሻግሮ በ1988 እ.ኤ.አ. በሰሜን አሜሪካ ታላላቅ ሐይቆች ተገኘ። በማግሥቱ ዓመት በሚሺጋን ግዛት የምትገኘው የሞንሮ ከተማ የውኃ መሳቢያዋ በዚሁ ዛጎል ተደፍኖ ነዋሪዎቿ ውኃ አጡ። አንዲቱ እንስት በዓመት እስከ አንድ ሚሊዮን ዕንቁላል ትጥላለች፤ ጫጩቱም በዐይን አይታይም።

እንዲህ ያለውን ጠላት መጠበቅ ግን እጅግ የረቀቀ መሣሪያ አይጠይቅም። በጀልባ ማቆሚያ ላይ ሸክላ ወይም የላስቲክ ቧንቧ በገመድ አስሮ ውኃ ውስጥ መስቀል፣ በየወሩም አውጥቶ የተጣበቀበት ነገር መኖሩን መመልከት ይቻላል። ለጫጩቱ ደግሞ ውኃውን በረቂቅ መረብ አጥልሎ በማጉያ መነጽር መመርመር ነው። ዋናው ነገር ምርመራው ሳይቋረጥ መደረጉና ውጤቱ፣ ምንም ባይገኝ እንኳ፣ በመዝገብ መስፈሩ ነው።

ይህ የዓሣ አስጋሪው ብቻ ሥራ አይደለም። ዛጎሉ እርጥበት ካገኘ ከውኃ ውጭ ብዙ ቀን ይቆያል። ስለዚህ ያገለገለ ጀልባ፣ የውኃ ፓምፕ፣ የግድብ ማጽጃ መኪና ወይም የዓሣ መረብ ሲገባ፣ ሰነዱን የሚመረምር ሠራተኛ ዕቃው ታጥቦ የደረቀ መሆኑን ቢጠይቅ ትልቅ አገልግሎት ነው። ከቆቃ ወደ ዝዋይ ጀልባ የሚያዛውርም እንዲሁ ውኃውን አፍስሶ፣ አረሙን አራግፎ፣ በፀሐይ አድርቆ ይሂድ። በቤቱ ጌጠኛ ዓሣና የውኃ ተክል የሚያሳድግም ከወንዝ አይድፋው። እንግዳ ነገር ያየ ሰው ስፍራውንና ቀኑን ጽፎ ለወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤት ያስታውቅ።

አባቶቻችን «ሳይቃጠል በቅጠል» ያሉት በከንቱ አይደለም። የመጀመሪያይቱን የእምቦጭ ሥር ለመንቀል አንድ እጅ ይበቃ ነበር፤ ዛሬ ግን ማሽንና የሺሕ ሰው ጉልበት ተባብረው ሊያጠፉት አልቻሉም። ቆቃ የከፈለውን ዋጋ የቀሩት ውኃዎቻችን እንዳይከፍሉት፣ ጥበቃው ዛሬ ይጀመር።