የሞዴል አውሮፕላን የራዲዮ መቀበያ እንዴት እያነሰ እንደ ሄደ

በራዲዮ የሚመራ ሞዴል አውሮፕላን ሲበር ያየ ሰው ዓይኑን የሚጥለው በክንፉና በሞተሩ ላይ ነው። እኛ ግን እዚህ ልንመለከት ያሰብነው በሆዱ ውስጥ የተሸሸገውን መቀበያ ነው። እርሱ ከታወከ፣ ባለቤቱ የብዙ ወር ድካሙ ከዓይኑ ሲሰወር ቆሞ ከማየት በቀር የሚያደርገው የለውምና።

የመጀመሪያው ችግር ክብደት ነበር። ለዚህም ኤድዊን አርምስትሮንግ በ1922 እ.ኤ.አ. ያወጣው ሱፐርሪጄነሬቲቭ የተባለው ዘዴ ተስማሚ ሆኖ ተገኘ። ቫልቩ ያጎላውን ምልክት ወደ መግቢያው እየመለሰ፣ በራሱ መርገብገብ እስኪጀምር ድረስ ይወሰዳል፤ እንደ ጀመረም ይገታል። ይህ በሴኮንድ ብዙ ሺህ ጊዜ ስለሚደጋገም አንዱ ቫልቭ የብዙዎችን ሥራ ይሠራል። ሬይቲዮን የተባለው ኩባንያ በ1938 እ.ኤ.አ. ለዚሁ ተግባር ያቀረበው አርኬ 61፣ ጋዝ የተሞላ ትንሽ ቫልቭ ሲሆን 45 ቮልት ይበቃው ነበር። ምልክት ሲደርሰው ከ1 እስከ 1.5 ሚሊአምፔር የነበረው ኮረንቲ ይቀንሳል፤ በዚህ ጊዜ ሪሌው ይለቅና የተጠመዘዘ ላስቲክ የጭራውን መሪ ያዞረዋል። እንግዲህ ራዲዮው ፈቃድ ሰጪ ብቻ ነው፤ ጉልበቱ የላስቲኩ ነው።

ነገር ግን ይህ ቀላል መቀበያ የጎረቤቱን ምልክት ከራሱ ለይቶ አያውቅም። ከዚህም የሚብሰው፣ ሲርገበገብ እርሱ ራሱ ሞገድ ማሰራጨቱ ነው። በአንድ ትራንዚስተር የሠራናቸውን ሁለት መቀበያዎች በአንድ ጠረጴዛ ላይ ብናስቀምጣቸው፣ አንዱን ስናበራ የሌላው የሽሽታ ድምፅ ወዲያው ተለወጠ። (ጥፋቱን በመጀመሪያ በብየዳችን አሳብበን አንድ ከሰዓት በኋላ አጥፍተናል።) በአየር ላይ ቢሆን ኖሮ ሁለቱም አውሮፕላኖች አደጋ ላይ በወደቁ ነበር።

መፍትሔው ሱፐርሄትሮዳይን ነው። የመጣው ሞገድ በኳርትዝ ከሚመነጭ ሌላ ሞገድ ጋር ይደባለቃል፤ የሁለቱ ልዩነት፣ በተለምዶ 455 ኪሎኸርትዝ፣ ብቻውን ተጣርቶ ይጎላል። በ27 ሜጋኸርትዝ አካባቢ በ50 ኪሎኸርትዝ ያህል የተራራቁ መስመሮችን ለይቶ መያዝ የተቻለው በዚህ ነው። ዘዴው ግን ብዙ ደረጃዎች ያስፈልጉታል፤ በቫልቭ ቢሠራ ለትንሽ ሞዴል ይከብዳል። ይህን ሸክም ያቃለለው በ1947 እ.ኤ.አ. በቤል ላቦራቶሪ የተፈለሰፈው ትራንዚስተር ነው።

በዛሬው ጊዜ ጥቂት ግራም ብቻ የሚመዝኑ መቀበያዎች በ2.4 ጊጋኸርትዝ ይሠራሉ። የ27 ሜጋኸርትዝ ሩብ ሞገድ 2.8 ሜትር ያህል ሲሆን የዚህኛው 3 ሴንቲሜትር ያህል ስለሆነ፣ አንቴናው በጭራው ላይ መጎተቱ ቀርቷል። መቀበያውም የራሱን አስተላላፊ በመለያ ቁጥር ስለሚያውቅ የሌላውን ትእዛዝ አይቀበልም።

ቢሆንም ለመማር ለሚሻ ጓደኛችን አሮጌውን ባለ አንድ ትራንዚስተር እንዲሠራ እንመክራለን፤ በአዲሱ ውስጥ የሚታየው አንድ ጥቁር ቺፕ ብቻ ነውና። ሁለት ሆነው የሚሠሩ ቢኖሩ ግን ጠረጴዛቸውን ያራርቁ።